ኤንትሬ፤ ሞተሩ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

በ2011 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን ኮምቦልቻ ነበርኩ። ዶሮ ወጥ ልበላ የሄድኩ ሰውዬ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ የሞተር ክርክር ሳዳምጥ ዋልኩ። ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አጎቴ፣ የአጎቴ የበኩር ልጅ እና አንድ ሽማግሌ መካኒክ። የክርክሩ ምክንያት ደግሞ ቴስታታው ተነቅሎ፣ ስድስት ጉድጓዱን ገልጦ የቆመው የአጎቴ ኤንትሬ ነው።

ኤንትሬን የማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ካላችሁ (ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ነው የማታውቁት) ያ ግንባረ ሰፊ፣ አፍንጫ የሌለው፣ ዳገት ላይ ከኋላው ከተሰለፋችሁ የምሳ ሰዓታችሁን የሚያሳልፍባችሁ አሮጌ የጣልያን የጭነት መኪና ማለት ነው። ሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3። «ትሬ» በጣልያንኛ ሦስት ነውና ሾፌሮቻችን «ኤን ትሬ» አሉት፤ እያደር ተገጣጠመና ኤንትሬ ሆነ። ጣልያኖቹ ራሳቸው ፊቱ ላይ ባለው ጌጥ የተነሣ «ባፎ» ይሉታል፤ ሪዛም እንደማለት ነው።

የአጎቴ ኤንትሬ ገልባጭ ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል። ከዓመት በላይ ዘይት ሲበላ ኖሯል። ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ደግሞ እንደ ፈላ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አጎቴ እንደ ማንኛውም ባለመኪና ወፍራም ዘይት እየሞላ ሲያስታምመው ከረመ። በመጨረሻ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ የሚያስወጣውን ዳገት ጭነቱን እንደያዘ እምቢ አለ።

ልጁ «ይለወጥ» ይላል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሄዶ ከሌላ መኪና የወረደ፣ በዱባይ በኩል የገባ፣ «ያልተከፈተ» የተባለ ሞተር አይቶ መጥቷል። አጎቴ «ይታደስ» ይላል። ሽማግሌው ሁለቱንም ዝም ብለው ይሰሙና «መጀመሪያ ይለካ» ይላሉ። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ልጁ ቤት ሊይዝበት፣ ትዳር ሊመሠርትበት ታስቦ የተቀመጠ። ስለዚህ ነገሩ የብረት ብቻ አልነበረም፤ አባትና ልጅ የፋሲካን ማግስት ተኮራርፈው ነው የዋሉት።

እኔ ደግሞ የታሪክ አባዜ አለብኝ። እዚያች ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ይህ ክርክር የአጎቴ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ። በዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ዓይነት መኪና፣ ከ80 ዓመት በላይ ሲደረግ የኖረ ክርክር ነው። የሚገርመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መልሱን የሰጠው መካኒኩ አለመሆኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም አገሪቱን ሲወር ሠራዊቱንና ስንቁን ያጓጓዘው በሺህ በሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ነው። ከመካከላቸው ፊያት 634 ነበር፤ ከስሙ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተወስደው «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው። ላንቺያ ሮም ነበር፤ ሞተሩ ከጀርመኑ ዩንከርስ በፈቃድ የተወሰደ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት የሚጋፈጡበት ጉድ። መኪናው መንገድ ይፈልጋልና መንገዱም ተከተለ። ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ የተሠራው ያኔ ነው። የጣርማ በር ዋሻም እንዲሁ።

ከዚያ 1933 መጣ። ጣልያን ተሸነፈ፤ መኪናው ግን እዚሁ ቀረ። ሁሉም አይደለም፤ እንግሊዞች የጦር ምርኮ ነው እያሉ ከጣልያን ንብረት ብዙ ነገር ጭነው ወስደዋል። የተረፈው መኪና ግን ዘመድ አልባ ሆነ። ፋብሪካው ያለው ቶሪኖ ነው፤ ቶሪኖ ደግሞ የጠላት አገር ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ከሰማይ ቦምብ ሲዘንብባት ነበር። እንግዲህ በ1934 ዓ.ም ፒስተኑ ያለቀበት ትሬንታ ኳትሮ ይዛችሁ ደሴ ላይ ቆማችሁ አስቡት። «ልለውጠው ወይስ ላድሰው» የሚባል ምርጫ የለም። መለዋወጫ የሚገኘው ከሞተ መኪና ነው። ሁለት የሞቱት ተፈተው አንድ ሕያው ይወጣል።

ያን ሥራ ማን ሠራው? ለዚህ ሰነድ ከማገላበጥ ጋራዥ ገብቶ ማዳመጥ ይቀላል። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛችሁን ይዛችሁ ግቡና «ስክሩ ድራይቨር» በሉ፤ ይስቁባችኋል። ካቻቢቴ ነው። ፒንሳ፣ ብሎን፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ፖርቶ ባጋሊዮ፣ ሊብሬ፤ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ብረት የሚያዞረው ቶርኖ፣ የሚነደው ናፍታ። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ ከተሸነፈ በኋላ የቀሩት ጣልያን መካኒኮች ግን አሥመራና አዲስ አበባ ላይ ጋራዥ ከፍተው የእኛን ልጆች በረዳትነት ቀጠሩ። ረዳቱ ቃሉን ከነእጁ ወረሰ። ኮምቦልቻ ያሉት ሽማግሌም ሥራውን የለመዱት ከአንድ የአሥመራ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጣልያን። ሲናደዱ የሚሳደቡት እስከ ዛሬ በጣልያንኛ ነው (ትርጉሙን ጠይቄያቸው ነበር፤ ፋሲካ ነው ብለው ተዉኝ)።

ወደ ኤንትሬ ልመለስ። ፊያት 682 መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ኤን 3 የተባለው ዓይነት በ1962 ተከተለ፤ የ682 ቤተሰብ ምርት እስከ 1988 ዘልቋል። አፍሪካ ውስጥ በሄደበት ሁሉ ስለነገሠ ጣልያኖቹ «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት ጋር በመተባበር አምቼ የተባለው መገጣጠሚያ ተቋቋመና የጣልያን የጭነት መኪና አዲስ አበባ ላይ ይገጣጠም ጀመር። ከዚያ ወዲያ አሰብና አዲስ አበባን ያገናኘው ወደ 880 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የኤንትሬና የተሳቢው ሆነ።

መንገዱ ግን ሞተር ገዳይ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። የኤንትሬ ስድስት ሲሊንደሮች ተደምረው 11 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛሉ። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ ያንን ያህል አየር ይስባል፤ በደቂቃ 1,900 ጊዜ ቢዞር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ሊትር አየር መሆኑ ነው። ከአሰብ ሲነሣ የሚስበው የበረሃ አቧራ ያለበትን ትኩስ አየር ነው። ማጣሪያው ካልተጠበቀ ያ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጣርማ በር ሲደርስ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ በ30 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኤንትሬ ተርቦ የለውም። ናፍታው ያው፣ አየሩ ጎደሎ፤ ያልነደደው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል። ስለዚህ ጣልያን ሜዳ ላይ ብዙ ዘመን የሚያገለግል ሞተር እኛ ጋ ቶሎ መውረዱ የሾፌር ጥፋት ብቻ አይደለም። (ገልብጦ የሚነዳ ሾፌር የለም ማለቴ ግን አይደለም።)

ታዲያ ስንት ጊዜ ይወርዳል? እዚህ ላይ ነው የሞተሩ አሠራር የሚመጣው። አብዛኛው የከባድ መኪና ዲዝል ሲሊንደሩ ከብሎኩ ጋር አንድ ወጥ አይደለም። ላይነር የሚባል፣ እንደ እጅጌ የሚገባና የሚወጣ ቧንቧ አለው። ሲያልቅ ይነቀላል፤ አዲስ ላይነር፣ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ሪንግ ይገባል፤ ብሎኩ ግን ያው ነው። በዚህ በኩል ሞተሩ ገንዘብ እስካለ ድረስ አይሞትም። ክራንክ ሻፍቱ ግን እንደዚያ አይደለም። እሱ ሲበላ ቶርኖ ቤት ገብቶ በእኩል ይሞረዳል፤ መጀመሪያ ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሦስት ሩብ፣ መጨረሻ አንድ ሚሊ ሜትር። በየደረጃው በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዝ ይሸጣል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥም ብሮንዝ አይገኝም። ስለዚህ ክራንክ ሻፍት አራት ነፍስ አለው በሉት። ብሎክ ከተሰነጠቀ ደግሞ ዕድሳት የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ራስን ማታለል ነው።

መካኒክ «ይለካ» የሚለው ለዚህ ነው። ግን በ1966 ዓ.ም አብዮት ፈንድቶ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በነበሩት ዓመታት መለካቱ ብዙ ትርጉም አልነበረውም። የዶላሩ ምንዛሪ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ነበር። በወረቀት ላይ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ዶላሩ አለመኖሩ ነው። የውጭ ምንዛሪው የሚከፋፈለው በመንግሥት ነው፤ ቅድሚያው ለጦርነቱ ነው። ባለመኪኖች በማኅበር ታቅፈው ጭነት በተራ ይደለደልላቸዋል፤ ታሪፉን መንግሥት ይተምናል። በዚያ ታሪፍ አዲስ መኪና የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ ኤንትሬው ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ እንደገና ይወርዳል።

መንግሥት ራሱ ግን አዲስ መኪና አገኘ፤ የሚገርም መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡና መታ፤ የዓለም የቡና ዋጋ ጣሪያ ነካ። ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ የምታቀርበው ቡና አጥታ ተጨነቀች፤ የምትገዛበት ጠንካራ ምንዛሪም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ከደርግ ጋር ተስማማች፤ ቡና ከዚህ፣ የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና ከዚያ። ያ መኪና ኢፋ ነው። ኢፋ ደብልዩ 50፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 125 የፈረስ ጉልበት። አባቶቻችሁ ወይ ወታደር ሆነው፣ ወይ ለዘመቻ ተጭነውበት ያውቁታል። አገሪቱ የቡናዋን ፍሬ በሞተር ለወጠች ማለት ነው።

ከዚያስ? ኢፋ ይሠራባት የነበረችው ሉድቪግስፌልደ እ.ኤ.አ. በ1990 ኢፋ ደብልዩ 50 ማምረቷን አቆመች፤ በዚያው ዓመት ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገርም ቀረ። ኢፋ በአንድ ጊዜ ፋብሪካም አገርም አጣ። በ1933 ትሬንታ ኳትሮ የገጠመው ነገር በ1983 ኢፋን ገጠመው። ልዩነቱ ኢፋ ቀድሞ የተዘራ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤትና በየከተማው የተከማቸ መለዋወጫ እንደ ጣልያኖቹ አልነበረውም። ከኤንትሬ የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ ዕድሜ ሳይኖረው ብዙው በየካምፑና በየግቢው ሣር በቀለበት። እኔ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩበት የሞተ መኪና ኢፋ ነበር፤ መሪው ብቻ ይዞር ነበር።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የታየው ግን በ1977 ዓ.ም ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ እህሉ አሰብ ወደብ ደርሶ ነበር። የሚያወጣው መኪና አልበቃም። ካሉትም ብዙዎቹ ጎማና መለዋወጫ አጥተው የቆሙ ነበሩ። ለጋሾች መኪና ላኩ፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ዓይነት ይልካል፤ ያንዱ ፒስተን ለሌላው አይሆንም። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ በኢትዮጵያ የራሱን የጭነት መኪና ስምሪት እስከማቋቋም ደረሰ። የኮምቦልቻው ሽማግሌ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። ሌሊት በፋኖስ ሞተር ይገጥሙ እንደነበር ነገሩኝ። ከሁለት ከወረዱ ሞተሮች አንድ አውጥተው፣ አሮጌ ሪንግ ከአሮጌ ሪንግ እያማረጡ፣ «ሚሌ ደርሶ ይመለስ ብቻ» እያሉ። «ሲመለስ እናያለን እንል ነበር» አሉኝ። ስለ ረሃቡ ከዚህ ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ተቀያየረ። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ብር ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ወረደ፤ መለዋወጫው ውድ ሆነ፣ ግን ገበያ ላይ ታየ። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኤንትሬም ቀስ በቀስ ከረጅሙ መንገድ ወርዶ የአሸዋና የድንጋይ ሠራተኛ ሆነ፤ ልክ እንደ ጡረተኛ ወታደር ዘበኛ ሆኖ እንደሚቀጠር። ከዚያ ቻይና መጣች። ቀዩ ሲኖትራክ ከመንገድና ከሕንፃ ሥራው ጋር አብሮ ገብቶ አገሩን ሞላው፤ በአደጋው ብዛት ያወጣንለትን ስም ታውቁታላችሁ፤ «ቀይ ሽብር»። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ የዚያ «የቻይና ሞተር» ዘሩ ቻይና አይደለም። ደብልዩ ዲ 615 የሚባለው ሞተር ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከኦስትሪያው ሽታየር የተወሰደ ነው። መርካቶ ላይ መለዋወጫው እንደ ሽሮ ስለሚገኝ ሲኖ ዛሬ የኤንትሬን ወንበር ይዟል፤ ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ጋራዣችን እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ክራንክ ሻፍቱ ወጣ። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ማይክሮሜትራቸውን ከጨርቅ ፈቱ፤ ሰባቱንም አንገት አንድ በአንድ ለክተው የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፉ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጥፍራቸውን ላይነሩ አፍ ላይ ወደ ታች ጎተቱ፤ ቅል የሚል ጠርዝ አለ፤ «ይሄ አልቋል፣ ይሄ ምንም አይደል» አሉ። ብሎኩን በናፍታ አጥበው በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉት፤ አጉልተው በመነጽር አዩት። ደህና ነው።

«ክራንክ ሻፍቱ ሦስት ጊዜ ተሞርዷል» አሉ። «አንድ ይቀረዋል።»

ልጁ ዘሎ ተነሣ። «በቃ! አባዬ፣ ሰማህ? ለመጨረሻ ጊዜ ነው። አንተ ታድሰዋለህ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ያለቀው ነው።»

እውነቱን ነበር። እኔ በልቤ ከልጁ ጋር ነበርኩ። ሽማግሌው ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁት፤ «ያ ያየኸው ሞተር ስንተኛው ላይ ነው?» ልጁ ዝም አለ። ያልተከፈተ ሞተር ያልተለካ ሞተር ነው። የሸጠው ደላላ ነው፤ ሲነሣ ሰምቶታል፣ ጭነት ይዞ ሲወጣ ግን አላየውም። ሌላም አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ያለው ነው። ብሎኩ ከተለወጠ ቁጥሩን ለማስቀየር የሞተሩ ዲክላራሲዮን ይጠየቃል፤ ደላላው ዲክላራሲዮን «ይመጣል» ነው ያለው። ልጁ ራሱ ይህን ሲናገር ድምፁ ቀነሰ።

አጎቴ ወሰነ፤ ይታደስ። ልጁ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ያኔ አንድ ዶላር 28 ብር አካባቢ ነበር። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከባድ ቀረጥ ጣለባቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። አጎቴ ይህን ዜና ሲሰማ ደውሎልኝ ስለ ዋጋ ለአንድ ሰዓት አወራኝ፤ ልክ ነበርኩ አላለም፤ እንድል ግን ይጠብቅ ነበር። አላልኩትም። በ2011 ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ያ ሞተር ደህና ሆኖ ቢሆን ልጁ ነበር ልክ የሚሆነው።

በማግስቱ አዲስ አበባ ስመለስ ክራንክ ሻፍቱን ይዤ እንድሄድ ተፈረደብኝ፤ ለመጨረሻው ሚሊ ሜትር የሚታመን ቶርኖ ቤት አዲስ አበባ ነው ያለው ተባለ። በዘይት ራሰው፣ በማዳበሪያ ጠቀለሉት፣ በገመድ ጠፈሩት፤ አራት ሰው ሆነን ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ አወጣነው። ወራጅ ወንበር ላይ የተቀመጠው የአውቶቡሱ ረዳት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የኤንትሬ ክራንክ ሻፍት ነው አልኩት። ወደ ላይ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ልጁ እስክንወጣ ድረስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ገመዱን ደግሞ ደጋግሞ ያየው ነበር።